የአጥቂው መርዶ

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ጋሽ ጉንቲስን «አንገትዎን ይድፉ» ስል ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል፤ ቀና ማለት የለም፣ ማንበብ የለም፣ ስልክ ማየት የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ መናደድም የለም። የግራ ዓይናቸው የውስጥ ሽፋን ተላቆ ነበር። ሐኪሞቹ መልሰው አጣብቀው ጋዝ ሞሉበት፤ ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ ጥንቃቄ ነው። እሳቸው ግን ፊቴን ሳዞር ቀና ይላሉ። «ሸዋ፣ ኳስ የሚመጣው ከላይ ነው። አንገቴን መድፋት ማን አስተማረኝ?» ይሉኛል።

ስልካቸው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የሚደውለውን አነሳለሁ፣ ለሳቸው አቀብላለሁ። ጠዋት እገባለሁ፣ እራት አብልቼ እወጣለሁ። ኮንትራቶዬ ላይ ባዳንቴ ይላል፣ ሰው ጠባቂ ማለት ነው። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ያለ የላትቪያ እግር ኳስ አጥቂ መጠበቅ ምን እንደሆነ የጻፈው ሰው አያውቅም።

መጋቢት 7 ከአገራቸው የቴሌቪዥን ሰዎች ይመጣሉ። ለስልሳኛ ዓመታቸው ፊልም ሊሠሩላቸው ነው። እዚያ ፊታቸው ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ግድግዳ ላይ ተስሏል፤ እዚህ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሠፈር፣ ደረጃ ላይ የሚያገኛቸው ጎረቤት ግን ጡረታ የወጡ ቧንቧ ሠራተኛ ይመስሉታል።

አብሮኝ የሚኖረው ሰርፀ ስለሳቸው ሳወራ «ላትቪያ ደግሞ ኳስ አለ እንዴ?» እያለ ያፌዝብኝ ነበር። ሰሞኑን ማፌዙን ትቷል። ትናንት ሥራ ውዬ ስገባ ልብሴን ሁሉ አጥቦ አስጥቶልኝ አገኘሁት። ምን እንደነካው እንጃ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ይዣቸው ሄድኩ። «አንገቴን ደፍቼም መራመድ እችላለሁ» ብለው ስላስቸገሩኝ ነው። ክንዳቸውን ይዤ፣ እሳቸው የሰው ጫማ እያዩ።

ዓሣ ተራ ስንደርስ አንዱ ሻጭ ቢላዋውን ጥሎ «ባካላ!» ብሎ ጮኸ። ደነገጥኩ፤ ስድብ መስሎኝ ልቆጣ ነበር። ሰውየው እያለቀሰ አቀፋቸው። ለካ ጋሽ ጉንቲስ የተጫወቱበት የደቡብ ጣልያን ከተማ ልጅ ነው።

ታሪኩን እሱ ነው የነገረኝ፤ እሳቸውማ ስለራሳቸው አያወሩም። አገራቸው ነጻ በወጣች ማግሥት ወደዚያ የወደብ ከተማ ሲመጡ ረጅም፣ ነጭ፣ ደረቅ ያለ ሰው ነበሩ። ለወራት ጎል አልገባ ሲላቸው ተመልካቹ «ባካላ» አላቸው፤ ጨው የበላ የደረቀ ዓሣ ነው ባካላ። እውነተኛ ባካላም ሜዳ ላይ ወረወሩባቸው። በዓመቱ መጨረሻ፣ ክለቡ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ በጭንቅላታቸው አገቡ። ያን ዕለት ከተማው በሙሉ በየበረንዳው ባካላ ሰቀለ ይላል ሰውየው። ሕፃናት በስማቸው ተጠሩ። «ሽታው አንድ ሳምንት አልለቀቀንም» ብሎ ግንባራቸውን ሳመ።

ከዚያ ጉልበታቸው ተሰበረ፣ ክለቡ ሸጣቸው፣ ቀጥሎ የገዛቸውም ሸጣቸው። ምግብ ቤት ከፍተው ከሰሩ። ሚስታቸው ኢንጋ ወደ አገሯ፣ ወደ ሪጋ ተመለሰች። ይኸው ነው።

አጠገባችን የቆመ ወጣት «ማን ነው ሽማግሌው?» ብሎ ዓሣ ሻጩን ጠየቀው። ሻጩ ተናዶ ለልጁ አልሸጥም አለ። እኔም ተናደድኩ። ጋሽ ጉንቲስ ብቻ አልተናደዱም።

የካቲት 29፣ እሑድ

ቤት ደወልኩ። እናቴ የለችም። እህቴ ሶሊ «ጸበል ሄዳለች፣ ትቆያለች» አለችኝ። ስልኳንስ? «ጸበል ቦታ ስልክ አይገባም።» ድምፅሽ ምን ሆነ? «ጉንፋን ነው።» ካሜራውን ክፈቺው አልኳት፤ ተበላሽቷል አለች። አንዱን ስጠይቅ ሌላው ተበላሽቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ነው የምደውለው፤ ይህንን እናቴ ታውቃለች። ጸበሉን ሰኞ ብትሄድ ምን ነበረበት?

ቅር ብሏታል። ባለፈው «ፋሲካን ከኔ ጋር ዋል» ስትለኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ነው፣ ካርዱ ሳይወጣ ብወጣ መመለሻ የለኝም ብዬ ተቆጣኋት። መቆጣት አልነበረብኝም።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ኢንጋ ከሪጋ ደወለች። ጋሽ ጉንቲስ ተኝተው ነበር። ጣልያንኛዋ አሁንም የደቡብ ነው።

አሰልጣኛቸው አርቪድስ ሞተ አለችኝ። ቀብሩ ቅዳሜ። «ንገረው።» ቫ ቤኔ ሲኞራ፣ እሺ እመቤቴ፣ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

አርቪድስ ማለት፦ ሊዬፓያ በምትባል የላትቪያ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኳስ ከዓሣ ፋብሪካ ግድግዳ ጋር ሲያላትም አይቶ እጁን ይዞ የወሰደው ሰው ነው። ኳስ በገመድ አንጠልጥሎ ዝለል ያለው። አባት የሌለውን ልጅ ያሳደገው። በየእሑዱ ይደውላል። ስለ ኳስ አያወሩም፤ ስለ አየር ጠባይ ነው የሚያወሩት። ጋሽ ጉንቲስ ስለ ፊልሙ «ለማንም አይደለም፣ አርቪድስ እንዲያየው ነው» ብለውኛል።

አሁን እንዴት ነው የምነግራቸው? በምሽት፣ ብቻቸውን ያሉ ሰው፣ ደም ግፊታቸው ከፍ አይበል የተባሉ ሰው። መርዶ በስልክ ተቀብሎ እንደ ዕቃ ማቀበል አለ እንዴ? መርዶ በጠዋት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ተቀምጦ። እኔ አንድ ነኝ።

ነቅተው «ማነው የደወለው?» አሉኝ። «ኢንጋ። ሰላም ብላለች» አልኩ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

እማማ እቴነሽ ዘንድ ሄድኩ። አርባ ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ የሠፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሮም ውስጥ ያላረዱት የሐበሻ መርዶ የለም። ሰርፀም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ሰው ሞቶበት ያልሰማ ሰው አለ» ስል ሰርፀ ብርጭቆውን አስቀመጠ። የጋሽ ጉንቲስን ነገር በሙሉ ነገርኳቸው። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ለማያውቁት ፈረንጅ እንዲህ ማዘናቸው ገረመኝ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ።

«ታዲያ ልንገራቸው?»

«ጉዳዩን ይጨርስ፣ ልጄ። ሰው ጉዳዩን ሳይጨርስ መርዶ ቢነገረው ሁሉንም ጥሎ ይነሳል። በኋላ ቁጭቱ ሁለት ይሆንበታል። ጉዳዩ ሲያልቅለት፣ በጠዋት፣ ሰው ሆነን እንነግረዋለን።»

«ቀብሩ ግን ቅዳሜ ነው።»

«ቀብሩማ…» አሉና ሰርፀን አዩት። ሰርፀ መስኮቱን አየ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቀረጻው ማግሥት፣ አብረውኝ ሊመጡ ቃል ገቡ። ቀለል አለኝ። ደሞስ አውሮፕላን ተከልክለዋል፤ ብነግራቸው በምን ይሄዳሉ? ስወጣ እማማ ከወትሮው በላይ አጥብቀው ሳሙኝ።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

አልነገርኩም። ምስር ሠራሁ። የዓይን ጠብታውን አደረግሁላቸው። 

መጋቢት 6፣ እሑድ

ትናንት ተቀበረ።

ዛሬ «አርቪድስ አልደወለም?» አሉኝ። «አልደወለም።» «ደውልለት እስኪ።» ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። «አያነሳም» አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም።

ጋሽ ጉንቲስ ሳቁ። «ባሕር ዳርቻ ወጥቶ ይሆናል። በዚህ ብርድ! ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ማንንም አይሰማም።»

ቤትም ደወልኩ። እናቴ አሁንም ጸበል ናት። ይሄ ምን ዓይነት ጸበል ነው?

መጋቢት 7፣ ሰኞ

የደረሰብኝን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ አልረጋጋም።

ሦስት ሆነው መጡ። ጠያቂዋ ወጣት ሴት ናት፤ ገና በር ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና በላትቪያኛ የሆነ ነገር አለች። እሳቸው ለዓይናቸው ያለች መስሏቸው «ፓልዲየስ» አሉ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። መብራታቸውን ተከሉ። ጋሽ ጉንቲስን ጢማቸውን ላጭቻቸው፣ ሰማያዊ ሸሚዝ አልብሻቸው ነበር። አምሮባቸዋል። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜያለሁ።

ቋንቋውን ባልሰማም ስለምን እንደሚያወሩ ከእጃቸው ይገባኛል። እጃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ጎሉ ነው፤ ለአገራቸው በዝናብ ያገቡት። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ። ከዚያ «አርቪድስ» ሲሉ ሰማሁ። እየሳቁ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ ስልክ የመደወል ምልክት አሳዩ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ካሜራ የያዘውን ሰው አየችው። ቀስ ብላ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

ፊታቸውን መጻፍ አልችልም። ቀና አሉ። ሐኪሙ ከለከለም አልከለከለም ቀና ብለው በደህናው ዓይናቸው እኔን ፈለጉኝ። በጣልያንኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ሸዋ፣ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ።»

«ከቀብሩ በፊት።»

«አውሮፕላን ተከልክለዋል ብዬ…»

«በባቡር እሄድ ነበር። ባቡር ባይኖር በዚህ ጉልበቴ በእግሬ እሄድ ነበር።» ከዚያ ልክ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ካሜራው አልጠፋም ነበር። እኔ ወደሳቸው ስሄድ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንዳልቀርብ ነው። «ውጣልኝ» አሉ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ምን አጠፋሁ? ለሰው አዝኜ፣ ሰው ጠብቄ፣ ትልልቅ ሰው አማክሬ ያደረግሁት ነው። አገሬ ብሆን አስቦ ነው ይሉኝ ነበር። እዚህ ግን ሌባ ሆንኩ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ሄድኩ፣ አልከፈቱልኝም። በሩ ላይ ቆሜ «በእኛ ባህል እንዲህ ነው» ብዬ ለማስረዳት ጮኼ ተናገርኩ። የጎረቤቱ በር ተከፈተ፣ የሳቸው አልተከፈተም።

እማማ እቴነሽና ሰርፀ ደግሞ ቀድመውኝ ጠዋት ሄደው ነበር። ተነግሯቸዋል፣ መምጣት አያስፈልግም ብያቸው ነበር እኮ። «ቃል ቃል ነው» አሉ። ለእነሱ ከፍተውላቸዋል። እኩለ ቀን ድረስ ቆይተው ወጡ። ምን አወራችሁ ስለው ሰርፀ «አስተዛዘንን» ብቻ አለኝ። በእማማ ጣልያንኛ እኩለ ቀን ድረስ የሚወራ ነገር ምንድን ነው? ስለ እኔ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ቪዲዮው ወጣ። ሰርፀ አሳየኝ። እዚያ አገር ያላየው ሰው የለም ይመስላል፤ ከታች የተጻፈው አስተያየት ወርዶ ወርዶ አያልቅም። አበባና ልብ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ጎል ሲያገቡ የኖሩ ሰው ባለቀሱበት አንድ ደቂቃ እንደ አዲስ ታወቁ። መጨረሻው ላይ የኔ ክንድ ይታያል።

ባካላ ሻጩ ሳይቀር አይቶታል። ዛሬ በዚያ ባልፍ ፊቱን አዞረብኝ።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ኢንጋ በራሴ ስልክ ደወለች። እኔ ልናገር ስል «የሰው ሞት ያንተ ንብረት ነው እንዴ?» አለችኝና ዘጋችው። መልሱ ሲመጣልኝ ስልኩ ተዘግቷል። 

ሥራ የለኝም። ኮንትራቶው ከፈረሰ ፔርሜሶዬ ምን ሊሆን ነው? ሮማኒና፣ ስደተኞች የሚኖሩበት ትልቁ ሕንጻ ውስጥ ከሰው ጋር ተጣብቄ ወደኖርኩበት ዘመን መመለስ አልችልም። ለሶሊ ነገርኳት፣ ለእናቴ እንዳትነግሪ ብዬ። «አልነግራትም» ብላ አለቀሰች። እህቴ ለዚህ ያህል አታለቅስም ነበር።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ጋሽ ጉንቲስ ደወሉ። «ጠብታውን ማን ያድርግልኝ?» አሉ። ሌላ ምንም የለም። ሮጥኩ።

አልታረቁኝም። «ያጠፋኸው አይመለስም፣ እኔም አልረሳውም» አሉኝ በግልጽ። ግን ሻይ ራሳቸው አፈሉልኝ። ወንበሩን ሳቡልኝ። ከዚያ በፊት ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ፤ እናትህ ስሟ ማን ነው? ዘመናይ ነው አልኳቸው። ምን ትወዳለች? እኔን አልኩ፣ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የሚቆጣ ሰው ቢቆጣ ይሻለኛል።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ሰርፀ ከቤተ ክርስቲያን ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ። የማን ዝክር ነው አልኩት። «የአንዲት እናት» አለ። ቆርሼ በላሁ። ጥሩ ዳቦ ነበር። እሱ አልበላም፤ ጾሙ ላይ አጥብቋል መሰለኝ።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

የፋሲካ ዕለት እንኳ። ሶሊ «አሁን ወጣች» አለችኝ። የት? «ጎረቤት።» ስትመለስ ትደውል? «እሺ።» አልደወለችም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዤ ዋልኩ። ተቀይማኛለች፣ ሌላ ምንም አይደለም። እናት ልጇን በፋሲካ ይህን ያህል ትቀየማለች ብዬ አላስብም ነበር። እሷም ልክ እንደኔ ግትር ናት።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ትናንት የፔርሜሶ ካርዴ ወጣ። አሁን መሄድ እችላለሁ። ለእማማ እቴነሽ ላሳያቸው ሄድኩ፤ ይዘው አገላብጠው አዩትና ማልቀስ ጀመሩ። ሰርፀም እንኳን ደስ አለህ አላለኝም፣ ወጥቶ ስልክ ደወለ። በዚህ አገር ደስታን የሚካፈለኝ ሰው አጣሁ።

ዛሬ ለጋሽ ጉንቲስ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ተሽሏቸዋል፣ ካርዱን አቅርበው አነበቡት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፦

«እናንተ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ንገረኝ። በቀስታ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በጠዋት ነው፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ብዙ ሆኖ ነው የሚኬደው። ፊት የሚያጥብ ውኃ ይያዛል። ሁለት ጠንካራ ሰው ግራና ቀኝ ይሆናል፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጥል። ከዚያ አይተውትም፣ ፍራሽ ተዘርግቶ አብረውት ይቀመጣሉ።

«ቀኑን የሚመርጠው ማነው?»

«ትልልቅ ሰዎች።»

«ስህተት ነው።»

«ይሆናል።»

«አንተስ? ያንተ ቢሆን መቼ ቢነግሩህ ትወዳለህ?»

አሰብኩ። ዝም ብዬ ለባህሌ ልከራከር ፈልጌ ነበር። ግን የሳቸው ፊት፣ ያ ሰማያዊ ሸሚዝ… «ወዲያው» አልኩ። «እኔ እንኳ ወዲያው ቢነግሩኝ ነው የምወደው።»

ጋሽ ጉንቲስ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተነሥተው እስከ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ዛሬ ቶሎ ግባ» አሉ። «የዚያችን የትልቋን ሴትዮ ስልክ ግን ስጠኝ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ፣ ጠዋት

ሰርፀ ሳይነጋ ተነሥቶ ክፍሉን እየጠረገ ነው። አልጋዬን አንጥፏል። ዛሬ አትውጣ አለኝ። ለምን ስለው መጥረጉን ቀጠለ።

ከመስኮት አየሁ። መንገዱ ላይ ሰዎች እየመጡ ነው። ቄሱ አሉ። እማማ እቴነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የማን ቤት ነው የሚሄዱት? ጋሽ ጉንቲስ ከኋላ ናቸው፣ የውኃ ጠርሙስ ይዘዋል። ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ በዚያ ጉልበት

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

እናቴ የሞተችው የካቲት 19 ነው። ይህን ደብተር ስጀምር ተቀብራ ነበር። አርባዋም አልፏል፤ ዳቦዋን በልቻለሁ። ለሰማንያዋ እደርሳለሁ።

ስጮህ በቀኝ የያዘኝ ሰርፀ ነበር። በግራ የያዙኝ ማን እንደሆኑ ያወቅሁት ኋላ፣ ፊቴን ካጠቡኝ በኋላ ነው።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ ጋሽ ጉንቲስ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሴትዮዋ ሊያስተዛዝኑኝ ከመጡበት ማክሰኞ ጀምሮ። ላንተ ይቅርታ ሊለምኑ ብለው ነው የነገሩኝ።»

«ዓርብ ወዲያው ቢነግሩኝ እወዳለሁ አልኩዎ።»

«አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቤት ማን ያደርሰዋል ብዬ አሰብኩ።» የውኃውን ጠርሙስ አስቀመጡ። «ፋሲካን ብቻህን ስልክ ይዘህ መዋልህን ግን ይቅር አትበለኝ።»

ውጡልኝ ልላቸው ፈልጌ ነበር። እሳቸው ያሉኝን፣ በዚያው ድምፅ። ለሁሉም፣ ለሶሊም፣ ለእማማም። አሁንም እፈልጋለሁ። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ ይወጣልኝ እንደሆነም አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ጉንቲስ ፍራሹ ላይ ቀሩ። መቀመጡን ተቀምጠዋል፣ መነሣቱ አቃታቸው፤ ያ ጉልበት። እጄን ዘረጋሁላቸው። ያዙት። ላነሣቸው ስጎትት እሳቸው ወደ ታች ጎተቱኝ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንገታችንን ደፍተን ቆየን።